በብይ የሚመርጡት ጋምቢያዎች፦ ጃሜህን የጣለው ብዩ ነው ወይስ የሴኔጋል ታንክ?

የመርካቶ_ልጅ፦

ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን ስለ ጋምቢያ ማንበብ ጀምሬ ማቆም አቅቶኛል (ጋምቤላ አላልኩም፣ ቀልዱን ቀድሜ ልዝጋው)። ለማያውቃት፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አትላንቲክ ዳር ያለች፣ ከባህሩ በስተቀር ዙሪያዋን በሙሉ ሴኔጋል የከበባት ሚጢጢ ሀገር ናት፣ ደሴቶቹን ትተን ካሰብነው ከአፍሪካ ትንሿ እሷ ናት። ስፋቷ 11,300 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መቶ ጊዜ ልትገባ ምንም አይቀራት። ሕዝቧ በ2024 ቆጠራ 2.4 ሚሊዮን አካባቢ፣ አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣታለች።

እኔን የያዘኝ ግን ምርጫቸው ነው። ወረቀት የለም። በብይ ነው የሚመርጡት!! ያው እኛ አፈር ላይ ተንበርክከን ስንጫወተው የነበረው የብርጭቆ ብይ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ የብረት በርሜል ይቆምለታል፣ በፓርቲው ቀለም የተቀባና ፎቶው የተለጠፈበት፣ መራጩ አንዲት ብይ ይሰጠውና መጋረጃ ውስጥ ብቻውን ገብቶ በፈለገው በርሜል አናት ላይ ባለችው ቱቦ ይጥላታል። ውስጥ ደወል አለ፣ ብይዋ ስትወድቅ አንዴ ኪው ትላለች፣ ውጪ የተቀመጡት አስመራጮች ይሰማሉ። ሁለቴ ኪው ካለ አንዱ ሁለት ብይ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። ታች ደግሞ አሸዋ ወይ ሰጋቱራ ይደረጋል፣ ብይ በብይ ላይ ወድቆ ሌላ ድምፅ እንዳያወጣ። እና በምርጫ ቀን ጣቢያው አካባቢ ሳይክል ክልክል ነው፣ የሳይክል ደወል ከዛኛው ጋር እንዳይምታታ። ነገሩ የተጀመረው በ60ዎቹ ነው፣ ያኔ አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል ቀለምና ፎቶ ይበቃዋል ተብሎ። ሲቆጠርም ብዮቹ 200 ወይ 500 ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ላይ ይደረደራሉ፣ ሁሉም በአይኑ እያየ።

በዚህ ብይ ነው በ2016 ያህያ ጃሜህን፣ 22 ዓመት የገዛቸውን ሰውዬ የጣሉት። ግን ደግሞ አልወርድም ብሎ የጎረቤት ጦር ድንበር አልፎ ከገባ በኋላ ነው የሄደው። እና ጥያቄዬ፣ የጣለው ብዩ ነው ወይስ ታንኩ? እኔ ብዩ ነው ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አስሉ እንዳትሉኝ።)

ሚኪ_ዲሲ፦

ሳይክል የተከለከለበት ምርጫ ሎል። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ብይዋን አገላብጦ አይቶ ቆንጆ ከሆነች ኪሱ ከትቶ የሚወጣ ግማሽ ቀበሌ ነበር

ካርታ_ወዳድ፦

ስለ ብዩ ከመከራከራችን በፊት መሬቱን እንይ፣ ምክንያቱም የዛች ሀገር ፖለቲካ ግማሹ ካርታው ላይ ነው ያለው። ጋምቢያ ማለት ወንዟ ነው። ከጊኒ ፉታ ጃሎን ከፍታ ይነሳና ሴኔጋልን አልፎ ይገባል፣ ሙሉ ርዝመቱ 1,120 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ሀገሪቱ የዚህን ወንዝ ግራና ቀኝ አስር አስር ኪሎሜትር ገደማ ይዛ ወደ ውስጥ ከ300 ኪሎሜትር በላይ ትዘልቃለች። በጣም ሰፋች በተባለበት ቦታ 50 ኪሎሜትር አትሞላም። ሴኔጋል አፍ ውስጥ የገባ ጣት በሏት።

እንዴት እንዲህ ሆነች ለሚል፣ የእንግሊዝ መርከብ ወንዙን ሽቅብ እየሄደ መድፍ ሲተኩስ ጥይቱ የወደቀበት ድንበር ሆነ የሚባል ወሬ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ታገኙታላችሁ፣ ወሬ ነው። ድንበሩን የቆረጡት እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1889 ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ነው። እንግሊዝ መሬቱን አልፈለገችውም፣ የፈለገችው ውሃውን ነው፣ ትልልቅ መርከብ ሽቅብ ይዞ የሚሄድ ወንዝ ስለሆነ መጀመሪያ ባሪያ በኋላ ደግሞ ኦቾሎኒ የሚወርድበት መንገድ ነበር። እንዲያውም ከዛ ቀደም ብሎ በ1860ዎቹና 70ዎቹ ጋምቢያን ለፈረንሳይ ሰጥታ በምትኩ ሌላ ቦታ ልትወስድ ተደራድራለች፣ የባትረስት ነጋዴዎች ጮኸው ጮኸው ነው የቀረው። ባትረስት የዛሬዋ ባንጁል ናት፣ ስሟ የተቀየረው በ1973። ከተማዋ በ1816 ስትቆረቆር ዓላማው ወንዙ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ የባሪያ ንግዱን መከልከል ነበር፣ በዛው ወንዝ ላይ ግን ትንሽ ከፍ ብሎ እንግሊዞች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሰው የጫኑበት ምሽግ ያለባት ደሴት አለች፣ ጄምስ ደሴት የምትባለው፣ በ2011 ኩንታ ኪንቴ ደሴት ብለዋታል፣ ዩኔስኮም በ2003 መዝግቧታል።

አሁን ወደ ዛሬው ስመጣ፣ የሴኔጋል ደቡቡ ካሳማንስ ከዳካር በጋምቢያ የተቆረጠ ነው። ከዳካር ካሳማንስ ውስጥ ወዳለችው ዚጊንሾር መኪና ይዘህ ስትሄድ ወይ ጋምቢያን ታቋርጣለህ ወይ በምስራቅ በኩል በጣም ሩቅ ትዞራለህ። ማቋረጥ ማለት ደግሞ ፋራፌኒ ጋ ፌሪ መጠበቅ ነበር፣ ከባድ መኪና ቀናት ቆሞ የሚያድርበት። ድልድዩ የተከፈተው በ2019 ጃንዋሪ ነው፣ አስቡት፣ ነፃነት ካገኙ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሌላው አማራጭ በባህር ነበር፣ ለ ጆላ የምትባለው የሴኔጋል መርከብ በሴፕቴምበር 2002 ከ1,800 ሰው በላይ ይዛ የሰጠመችው በዚሁ መስመር ከዚጊንሾር ዳካር ስትሄድ፣ ጋምቢያ ባህር ዳርቻ ፊት ለፊት ነው። በ2016 ደግሞ ጃሜህ የሴኔጋል ከባድ መኪኖች የሚከፍሉትን ቀረጥ በአንዴ መቶ እጥፍ ሰቀለው፣ የሴኔጋል ሾፌሮች ማህበር መንገዱን ዘጋ፣ ለወራት ሸቀጥ ቆመ። እነዚህ ሁለቱ ሀገሮች የሚጣሉትም የሚታረቁትም እዛች ፌሪ ላይ ነው።

የመርካቶ_ልጅ፦

ካርታ ወዳድ ክበር። የመድፏን ወሬ እውነት መስላኝ ልጽፋት ነበር እኮ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ መጣህ

ሰብለ_ስቶክሆልም፦

እዚህ ስዊድን ጋምቢያዎች ብዙ ናቸው፣ ድሮ በቱሪዝም ነው የተጀመረው፣ ስዊድኖች ክረምት ሲመጣ ጋምቢያ ቢች ላይ ነው የሚደርቁት፣ ከዛ ትዳር፣ ከዛ ዘመድ። የስራ ባልደረባዬ ማንዲንካ ናት፣ ባሏ ወሎፍ፣ እናቷ ፉላ፣ እና ይሄ እነሱ ጋ ብርቅ አይደለም። ከሕዝቡ ማንዲንካ ሲሶ ያህሉን ይይዛሉ፣ ፉላ፣ ወሎፍ፣ ጆላ፣ ሰራሁሌ ቀጥለው ይመጣሉ፣ ባንጁል አካባቢ ደግሞ አኩ የሚባሉ አሉ፣ ከባርነት የተመለሱ ሰዎች ዘሮች፣ ክርስቲያኖች ናቸው በብዛት። ከ95 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው ግን ገናም ፋሲካም በመንግስት ይዘጋል። ጆላ የምላችሁ ያህያ ጃሜህ የወጣበት ነው፣ ካሳማንስም ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው፣ ድንበሩ መሀላቸው ነው ያለፈው። እንደውም ድንበሩ ሁሉንም ነው የቆረጠው፣ ወሎፍም ፉላም ሴኔጋል ውስጥ ወንድም አለው፣ ልዩነታቸው አንዱ እንግሊዝኛ አንዱ ፈረንሳይኛ ተምሮ መውጣቱ ነው ትለኛለች እየሳቀች።

እኔን በጣም የገረመኝ ሳናውያ የሚሉት ነው። በቤተሰብ ስም ነው፣ አንዳንድ ስም ያላቸው ቤተሰቦች ከአንዳንድ ስም ጋር ከጥንት ጀምሮ የመቀላለድ መብት አላቸው። ፈፅሞ የማታውቂው ሰው ስምሽን ሲሰማ "አንቺ ሆዳም፣ ሩዜን አምጪ" ሊልሽ ይችላል፣ መቀየም የለም፣ መልሰሽ መሳደብ ነው ያለብሽ። ፉላና ሰረር እንደዚህ ናቸው፣ ጆላና ሰረርም። ፖሊስ ያስቆመው ሾፌር በስሙ ብቻ ተሳስቆ ሲያልፍ አይቻለሁ ትላለች። ባልደረባዬ የምትለው የኛ ሀገር በዘር ያልተባላው በዚህ ነው፣ እኔ እንኳን በዚህ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፣ ጃሜህ ራሱ በመጨረሻ ዓመት ማንዲንካዎችን በአደባባይ ሲያንቋሽሽ ነበር እና ቀልዱ አላዳናቸውም። ግን ጎረቤትሽን ሰድበሽ አብረሽ ቤናቺን መብላት (ያው ጆሎፍ ሩዝ ማለት ነው፣ ዓሳው ከስር) ትንሽ ነገር አይደለም።

ገጠሩን በተመለከተ ደግሞ መንደሩን አልካሎ ያስተዳድራል፣ ከሱ በላይ ወረዳው ላይ ሰይፎ አለ፣ እንግሊዝ ያደራጀው የባላባት ስርዓት ነው፣ ዛሬም አለ። ሩዝ የሴቶች ነው፣ ኦቾሎኒ የወንዶች። ብር የምታመጣው ኦቾሎኒዋ ነበረች፣ ስለዚህ ማን ጋ ብር እንደነበር ገምቱ። ሩዙ ደግሞ ችግር ላይ ነው ምክንያቱም ወንዙ በጣም ሜዳ ላይ ስለሚሄድ በበጋ ወራት የባህር ጨው ሽቅብ 200 ኪሎሜትር ገደማ ይገባል፣ ዝናብ በቀነሰ ቁጥር ጨው ማሳ እየበላ ነው።

ጋሽ_ዘለቀ፦

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው የያዛችሁት። እኔ ከጡረታ በፊት በሕግ ስራ ላይ ስለነበርኩ ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ስብሰባ ባንጁል ተመላልሻለሁ። ኮሚሽኑ ስራውን የጀመረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ በኖቬምበር 1987፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን ባንጁል ሆነ። ቻርተሩንም ባንጁል ቻርተር የሚሉት የተረቀቀው እዛ ስለሆነ ነው። ለምን እዛ? ምክንያቱም በዛን ጊዜ ዳውዳ ጃዋራ የሚባለው ፕሬዝዳንት በአህጉሩ ብርቅ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ግላስጎው የተማረ፣ በፌብሩዋሪ 1965 ሀገሪቱን ለነፃነት ያበቃ። ያኔ እኛም ጎረቤቶቻችንም በአንድ ፓርቲ ወይም በወታደር ስር ስንማቅቅ እሱ ጋ ተቃዋሚ ነበረ፣ ጋዜጣ ነበረ፣ ምርጫ ነበረ። እርግጥ ምርጫውን ሁሌም እሱ ነው የሚያሸንፈው፣ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። የሞት ቅጣትንም በ1993 አስቀርቷል።

በ1981 ቻርልስና ዳያና ሲጋቡ ለሰርጉ ለንደን ሄዶ ሳለ መፈንቅለ መንግስት ተሞከረበት፣ የሴኔጋል ጦር ገብቶ መለሰው። ብዙ መቶ ሰው ሞተ። ከዛ ሴኔጋል በነፃ አልሰራችም፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ሀገሮች ሴኔጋምቢያ ኮንፌደሬሽን የሚባል መሰረቱ፣ ጦሩ አንድ ሊሆን፣ ገንዘቡ አንድ ሊሆን። ጋምቢያዎች ዋጥ ያረጉናል ብለው ገንዘቡ ላይ እያመነቱ እያመነቱ በ1989 ፈረሰ። እና እናንተ ታንኩ ወይስ ብዩ ስትሉ እኔ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው፣ የሴኔጋል ታንክ ባንጁል ሲገባ በ2017 የመጀመሪያው አልነበረም።

ባንጁል ራሷ ደሴት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ በ2013 ቆጠራ 31,000 ሰው ነው የነበራት። ቀን መስሪያ ቤት፣ ማታ ጭር። ሰዉ ሰረኩንዳ ነው የሚኖረው። መግቢያው ላይ ጃሜህ ለመፈንቅለ መንግስቱ መታሰቢያ ያሰራው አርክ 22 የሚባል ትልቅ ቅስት አለ፣ 35 ሜትር፣ በስሩ በመኪና የሚያልፈው ፕሬዝዳንቱ ብቻ ነበር፣ ሌላው ሕዝብ በጎን። የሰብዓዊ መብት ስብሰባ ለመካፈል በሱ ጎን ዞረን እንገባ ነበር እንግዲህ።

ሚኪ_ዲሲ፦

ጋሽ ዘለቀ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርዎ ገደለችኝ

ተጠራጣሪው፦

ጋሽ ዘለቀ የኔን ስራ አቀለሉልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመርካቶ ልጅ፣ ብዩ ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ፈረንጅ ጋዜጠኛም ይወደዋል፣ ግን ቀኖቹን በተርታ አስቀምጣቸው እስኪ። ዲሴምበር 1 2016 ተመረጠ። በማግስቱ ጃሜህ ቲቪ ላይ ወጥቶ ላሸነፈው ለተቃዋሚው አዳማ ባሮው ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ አለው፣ ሀገር ጨፈረ። ዲሴምበር 9 ሀሳቤን ቀይሬያለሁ ምርጫው ይደገም አለ። ምርጫ ቦርዱ መሀል ላይ ቁጥር አስተካክሎ ስለነበር እሷን ያዘ። ልክሰስ አለ፣ የሚከሰስበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የለም! ዳኞቹን ራሱ ስላባረራቸው ከ2015 ጀምሮ አልተሰየመም ነበር፣ ከናይጄሪያ ዳኛ እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ። የምርጫ ቦርዱ ሊቀመንበር ሀገር ጥሎ ሸሸ። ተመራጩ ባሮው ራሱ ዳካር ተደበቀ፣ እዛ ሳለ የስምንት ዓመት ልጁን ውሻ ነክሶ ገደለበት፣ መቅበር አልቻለም። 45,000 ሰው ገደማ ወደ ሴኔጋል ተሰደደ። ጃንዋሪ 19 2017 ባሮው ቃለ መሐላ የፈፀመው ዳካር ባለው የጋምቢያ ኤምባሲ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በዛው ቀን የኤኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች ማህበር) ጦር፣ ዋናው ሴኔጋል፣ ናይጄሪያም ጋናም አሉበት፣ ድንበር አልፎ ገባ። ጃንዋሪ 21 ጃሜህ አውሮፕላን ተሳፈረ። ብዩ ዲሴምበር 1 ላይ ኪው ብሏል፣ ሰውዬው የሰማው ግን ከሃምሳ ቀን በኋላ የታንክ ሰንሰለት ሲሰማ ነው።

የመርካቶ_ልጅ፦

ተጠራጣሪው ቀኖቹ ልክ ናቸው፣ ድምዳሜህ ግን አይዋጥልኝም። ታንኩ ምን ይዞ ነው የገባው? ቁጥር ይዞ ነው። ባሮው 227,708፣ ጃሜህ 208,487፣ ሶስተኛው ማማ ካንዴህ 89,768። ልዩነቱ 19,221 ድምፅ ነው፣ በቃ። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? በየጣቢያው በዛው በርሜሉ ፊት የሁሉም ፓርቲ ታዛቢ ቆሞ ተቆጥሮ ፈርመውበት ነው። በምርጫው ቀን ኢንተርኔትም የውጭ ስልክም ተቆርጧል፣ ቢሆንም ብዩ የተቆጠረው እዛው ስለሆነ ምንም ማድረግ አልቻለም። ያ ቁጥር ባይኖር ኤኮዋስ ምን ብሎ ይገባል? የአፍሪካ ህብረትም የፀጥታ ምክር ቤቱ እዚህ አዲስ አበባ ተሰብስቦ ከጃንዋሪ 19 ጀምሮ ጃሜህን ፕሬዝዳንት ብለን አንጠራም ያለው ያን ቁጥር ይዞ ነው። ስንት ሀገር ተጭበርብሮ ማንም ድምፁን ያላሰማበት አለ፣ እዚህ የሚታወቅ አሸናፊ ስለነበር ነው።

ሌላው ደግሞ ሕዝቡን አትርሳ። ከኤፕሪል 2016 ነው የምትጀምረው። ሶሎ ሳንዴንግ የሚባል የተቃዋሚው ዩዲፒ ፓርቲ ሰው የምርጫ ሕጉ ይሻሻል ብሎ ጥቂት ሰዎች ይዞ አደባባይ ወጣ፣ ታሰረ፣ እስር ቤት ውስጥ ተደብድቦ ሞተ። የፓርቲው መሪ ኡሳይኑ ዳርቦ የሳንዴንግን አስከሬን ስጡን ብሎ ሲወጣ እሱም ታሰረ። መሪው እስር ቤት ስላለ ነው ተቃዋሚዎቹ ተሰብስበው ማንም የማያውቀውን የቤት ሻጭ አዳማ ባሮውን ያቆሙት፣ ለንደን ሱቅ ውስጥ ጥበቃ የሰራ ሰው ነው። ከዛ ጃሜህ አልወርድም ሲል ልጆቹ "ጋምቢያ ወስናለች" የሚል ቲሸርት አሳትመው ለብሰው ወጡ፣ በቲሸርት ይታሰሩ ነበር እኮ። የመምህራን ማህበሩ፣ ጠበቆቹ፣ ሐኪሞቹ፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎቹ በየተራ መግለጫ አወጡ፣ ሚኒስትሮቹ አንድ በአንድ ለቀቁ። ወታደሩም አልተኮሰም። ኤታማዦር ሹሙ መጀመሪያ ባሮው፣ ቀጥሎ ጃሜህ፣ መጨረሻ ላይ ወታደሮቼን ለዚህ አላስጨርስም አለ። ታንኩ የገባው ያለቀ ነገር ላይ ነው።

ካርታ_ወዳድ፦

ሁለታችሁም ካርታውን ረሳችሁት። 50 ኪሎሜትር የማትሰፋ ሀገር፣ ዋና ከተማዋ ደሴት፣ ዙሪያዋን አንድ ጎረቤት፣ ጦሯ ጥቂት ሺህ። ሴኔጋል ካሳማንስ ውስጥ ከ1982 ጀምሮ አማፂ አለባት፣ ጃሜህ ይደግፋቸዋል ብላ ዘመኑን ሙሉ ጥርሷን ነክሳበት ነበር። ዕድሉ ስታገኝ ለቀቀችው? ብዩም ታንኩም ልክ ናቸው ግን ያው ነገር ኮንጎ ላይ አይሰራም፣ ብይ ብትጥል ታንክ የሚልክልህ የለም። በ2018 የኮንጎ ምርጫ ቤተክርስቲያኒቱ ታዛቢ አሰማርታ ውጤቱ ይሄ አይደለም ብላ ነበር እኮ፣ ማን ገባላቸው?

ኳስ_ብቻ፦

ይቅርታ ፖለቲካ ውስጥ በመግባቴ፣ ግን የጋምቢያን ኳስ ያላነሳ ክር ክር አይደለም። በመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫቸው፣ ካሜሩን ላይ በ2022 መጀመሪያ የተካሄደው፣ ቱኒዚያን አሸንፈው፣ ጊኒን ጥለው ሩብ ፍፃሜ ገቡ፣ በአስተናጋጇ ካሜሩን 2 ለ 0 ነው የወጡት። እኛ ያው እዛው ውድድር ላይ ከምድብ ተሰናብተናል። አሰልጣኙ ማን ነበር? ቶም ሴይንትፊት፣ በ2011 የዋሊያዎቹ አሰልጣኝ የነበረው ቤልጂየማዊ! እኛ ጋ ወራት ብቻ ነው የቆየው። እነሱ ከ2018 ጀምሮ ይዘውት ቆዩ። ሌላ የምለው የለኝም

ሂዊ_ዴንቨር፦

ጃሜህ ሄደ ብቻ ብላችሁ አታቁሙ፣ የሰዎቹ ጉዳይ እኛ ደጅ ድረስ መጥቷል። ጃሜህ ጀንግለርስ የሚባል ገዳይ ቡድን ነበረው፣ በቀጥታ ከሱ የሚታዘዝ። ጋዜጠኛው ዴይዳ ሀይዳራ በዲሴምበር 2004 የጋዜጣውን የልደት በዓል አክብሮ ሲወጣ መኪናው ውስጥ የተተኮሰበት በነሱ ነው። ከቡድኑ አንዱ ማይክል ኮሪያ የሚባለው እዚህ ዴንቨር የቀን ሰራተኛ ሆኖ ይኖር ነበር፣ ተያዘ፣ በኤፕሪል 2025 እዚሁ ፌደራል ፍርድ ቤት በቶርቸር ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። የተገረፉት ሰዎች ከጋምቢያ መጥተው መሰከሩ።

እዚህ ያለ ሐበሻ ይሄን ሲሰማ ምን ትዝ እንደሚለው ታውቃላችሁ። በቀይ ሽብር የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረው ሰውዬ በሌላ ሰው ስም ዜግነት አግኝቶ እዚሁ ሲኖር አንድ የቀድሞ እስረኛ ሐበሻ ምግብ ቤት አካባቢ አይቶት ለየው፣ በ2014 22 ዓመት ተፈረደበት። ልዩነቱ እሱ የተፈረደበት በኢሚግሬሽን ማጭበርበር ነው፣ ፎርም ላይ በዋሸው። ጋምቢያዊው ግን በቀጥታ በገረፈው ነው የተከሰሰው። ለኛ ሰዎች ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፣ እናቴ ያኔ "ለወረቀቱ ነው እንጂ ለልጆቹ አይደለም" ብላ አኩርፋ ነበር።

ስዊዘርላንድም የጃሜህ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረውን ኡስማን ሶንኮን በ2024 20 ዓመት ፈርዳበታለች፣ ጀርመንም ሌላውን ዕድሜ ልክ። ጋምቢያዎቹ ራሳቸውም የእውነት ኮሚሽን አቋቁመው ከ2019 እስከ 2021 በቀጥታ ስርጭት ሕዝብ ፊት ገዳዮቹን ቁጭ አድርገው አናግረዋል። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ ሰዉ ሬዲዮ ከፍቶ ያን ነበር የሚሰማው አሉ።

ተጠራጣሪው፦

ሂዊ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ክርክሬን ግን አይነካውም። እሺ ብዩ ጣለው እንበል፣ ከዛስ? ባሮው ሶስት ዓመት ብቻ ነው የምቆየው ብሎ ነው ጥምረቱ ያቆመው። ሶስት ዓመቱ ሲሞላ አልሄድም አለ፣ ሕገ መንግስቱ አምስት ነው ብሎ። ሶስት ዓመት ይብቃ ብለው የወጡትን ልጆች በ2020 ጃንዋሪ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው፣ ማህበራቸውን ከለከለ። በዛው ዓመት አዲስ ሕገ መንግስት ተረቀቀ፣ የስልጣን ዘመን በሁለት የሚገድብ፣ ፓርላማው ውስጥ የሱ ደጋፊዎች ጣሉት። ስለዚህ ዛሬም የሚሰራው የጃሜህ የ1997 ሕገ መንግስት ነው፣ ገደብ የለውም፣ ሁለተኛ ዙርም የለውም፣ በአንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል። ከ58 የፓርላማ ወንበር አምስቱን ፕሬዝዳንቱ ራሱ ይሾማል። በ2021 በ53 በመቶ እንደገና ተመረጠ፣ ከጃሜህ የድሮ ፓርቲ ጋር ህብረት ፈጥሮ!! ሳንዴንግ የተገደለው በዛ ፓርቲ ዘመን ነው።

ሰብለ_ስቶክሆልም፦

ተጠራጣሪው እውነቱን ነው፣ ባልደረባዬም ባሮው ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል። ግን አንተ የምትተወው አንድ ነገር አለ፣ አሁን ሰው ይናገራል። በ2024 የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክለው ሕግ ይነሳ የሚል ረቂቅ ፓርላማ ገብቶ ነበር፣ ክልከላውን በ2015 ያወጣው ራሱ ጃሜህ ነው፣ በአንድ ቀን በንግግር። በማርች 42 ለ 4 ሆኖ ለኮሚቴ ሲያልፍ ሁላችን አለቀ ብለን ነበር። ሴቶቹ ግን ወራት ሙሉ በየመንደሩ፣ በየሬዲዮው፣ ከኢማሞቹም ጋር ፊት ለፊት ተከራክረው በጁላይ ፓርላማው ረቂቁን ጣለው። በጃሜህ ጊዜ ክልከላው ነበረ ክርክሩ አልነበረም። እኔ ክርክሩን እመርጣለሁ፣ ቢያስፈራም።

አንድ ደግሞ ልጆቹ እየሄዱ ነው። ባክዌይ ይሉታል፣ በሴኔጋል፣ ማሊ፣ ኒጀር አርጎ ሊቢያ፣ ከዛ ጣልያን፣ አሁን አሁን በጀልባ ወደ ካናሪ ደሴቶች። የኛ ልጆች በሱዳን በኩል ሊቢያ ሲገቡ በዛኛው በኩል የሚመጡት እነሱ ናቸው፣ እዛ እስር ቤቶች ውስጥ ከኛ ጋር የታሰሩ ብዙ ናቸው። እዚህ አንድ ልጅ ኤርትራዊ መስሎኝ በትግርኛ ሰላም ስለው መለሰ፣ ለካ ጋምቢያዊ ነው፣ ትግርኛ የተማረው ሊቢያ ታስሮ ነው።

ሚኪ_ዲሲ፦

ወይ ጉድ። ሰብለ ይሄን ለብቻው ክር ክፈቺበት በናትሽ

ብርቱካን_22፦

ሁሉንም አነበብኩት፣ ጃሜህ ግን አሁን የት ነው? ይጠየቃል ወይስ እንደ መንግስቱ ቪላው ውስጥ ያረጃል?

ጋሽ_ዘለቀ፦

ልጄ ብርቱካን፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ ነው ያለው፣ ፕሬዝዳንቱ ኦቢያንግ ጋ። ሲሄድ የቅንጦት መኪኖቹን በጭነት አውሮፕላን ጭኖ ነው የሄደው። የእውነት ኮሚሽኑ በ2021 ይከሰስ ብሎ ሪፖርት አቅርቧል፣ መንግስትም ተቀብያለሁ ብሏል። ኤኮዋስ በዲሴምበር 2024 ለዚህ የሚሆን ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አፅድቋል፣ ከጋምቢያ ጋር በጋራ የሚሰራ። ችግሩ ኦቢያንግ አሳልፎ ይሰጣል ወይ ነው። ሐራሬ ያለውን መንግስቱን በሌለበት ሞት ስንፈርድበት ሙጋቤ እንዳልሰጠን ታስታውሻለሽ። የሚለየው፣ ሴኔጋል የቻዱን ሂሴን ሀብሬን ዳካር ላይ በልዩ ፍርድ ቤት በ2016 ዕድሜ ልክ ፈርዳበታለች፣ ያውም ሃያ ዓመት በላይ እዛው በሰላም ከኖረ በኋላ። የሀብሬን ተጎጂዎች የረዱት ጠበቆች ናቸው የጃሜህንም ፋይል የያዙት።

ብርቱካን_22፦

አመሰግናለሁ ጋሼ። ቀጣዩ ምርጫ መቼ ነው ታዲያ

የመርካቶ_ልጅ፦

ዲሴምበር 5 2026። ባሮው ለሶስተኛ ጊዜ እወዳደራለሁ ብሏል፣ ዳርቦም ሰባዎቹን ቢያጋምስም አሁንም አለ። ገደቡን የሚያስገባው ሁለተኛው ረቂቅ ሕገ መንግስትም በ2025 ፓርላማ ላይ ወድቋል። ተጠራጣሪው ደስ ይበልህ

ተጠራጣሪው፦

ደስ አላለኝም ባክህ። እንደውም ያኔ ጃሜህን ያስወጣው ኤኮዋስ ራሱ አሁን እነ ማሊ፣ ቡርኪና፣ ኒጀር ጥለውት ወጥተው ተዳክሟል፣ ባሮው ነገ አልወርድም ቢል ማን ይገባል ነው ጥያቄዬ

ካርታ_ወዳድ፦

ሴኔጋል

ተጠራጣሪው፦

ባሮውን ሴኔጋል ራሷ እኮ ናት ያስቀመጠችው፣ እስከ ዛሬ የሚጠብቁት የነሱ ወታደሮች ናቸው

ካርታ_ወዳድ፦

የዛሬዎቹ የዳካር መሪዎች ያኔ ያስገቡት አይደሉም። የያኔው ፕሬዝዳንት ማኪ ሳል ሄዷል